«እርጅና በሽታ አይደለም» የሚሉት አማቴ

በየቤቱ፣ በየመሥሪያ ቤቱና በየሊፍቱ «እንዴት ነህ?» ብሎ ጠይቆ መልሱን ቆሞ የሚጠብቅ አንድ ሰው አይጠፋም። እኛ ሌሎቹ «እንዴት ነህ?» የምንለው ለማለፍ ነው። ጠያቂም ተጠያቂም «ደህና» ይባባሉና፣ ማንም ሳይዋሽ፣ ማንም እውነቱን ሳይናገር፣ ወደየጉዳያቸው ይሄዳሉ። ይህ ሰው ግን አያልፍም። ጥያቄውን ይወረውርና ዓይን ዓይንህን እያየ ይቆማል፤ አንተም ግራ ሲገባህ ሳታስበው ስለ ጉልበትህ ማውራት ትጀምራለህ። እንዲህ ያለ ሰው ጎረቤት ቢሆንባችሁ የምትወጡበትን ሰዓት ትቀይራላችሁ። የሥራ ባልደረባ ቢሆንባችሁ ክፍል ትቀይራላችሁ። እኔ ግን ልጃቸውን ነው ያገባሁት።

ክብርት አማቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩት አንድ የጤና ኢንሹራንስ ድርጅት ውስጥ ነው። ሐኪም አይደሉም፤ ማንንም አክመው አያውቁም። ሥራቸው በግሉ ኢንሹራንስ ልግባ ብሎ የሚያመለክተውን ሰው መመዘን ነበር። የአመልካቹን ቅጽ፣ የሐኪሙን ማስረጃና የምርመራውን ውጤት ፊታቸው ይዘረጋሉ፤ ከዚያ ድርጅቱ ሰውየውን ይቀበለው እንደሆነ፣ ከተቀበለውም በምን ያህል ክፍያ እንደሆነ ይወስናሉ። ይህን ሁሉ በሰፈራችን የሚያውቅ የለም። በሰፈር ስማቸው «እትዬ ከመቼ ጀምሮ» ነው።

ስሙን ያወጣላቸው ከሕንፃችን ምድር ቤት ሱቅ ያለው ልብስ ሰፊ ነው። ምስኪኑ አንድ ጠዋት «እንዴት አደርክ?» ሲሉት «ደህና፣ ትንሽ ወገቤን ነው እንጂ» ብሎ ተሳሳተ።

«ከመቼ ጀምሮ?» አሉ አማቴ፣ ቦርሳቸውን መሬት እያስቀመጡ።

«ኧረ ቆይቷል፣ እትዬ።»

«ቆይቷል ማለት ስንት ነው? ወደ እግርህ ይወርዳል? ስታስነጥስ ይብስብሃል? አባትህስ ወገባቸውን ያማቸው ነበር?»

ጥያቄው ሲያልቅ፣ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ደንበኛ ሳይጠየቅ ስለ እህቱ የሐሞት ጠጠር ተናግሮ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ልብስ ሰፊው አማቴ ብቅ ሲሉ መርፌዎቹን በጥርሱ ይነክሳል። መርፌ በአፉ የያዘ ሰው አያወራማ። እርሳቸው ግን በእጃቸው ወገባቸውን ያሳዩትና በቅንድባቸው ይጠይቁታል፤ እርሱም በጭንቅላቱ ይመልሳል።

እኔን የመዘኑኝ ልጃቸውን ልጠይቅ የሄድኩ ዕለት ነው። ስለ ሥራዬና ስለ ጠባዬ ይጠይቁኛል ብዬ መልስ ሳጠና ነበር የሰነበትኩት። ገና ከመቀመጤ፦

«አባትህ በምን አረፉ?» አሉኝ።

«በእርጅና» አልኩ አንገቴን ደፍቼ።

«እርጅና በሽታ አይደለም። በምን?»

«እ… ታመው ነበር መሰለኝ።»

«መሰለኝ የሚባል ምርመራ የለም። እናትህ ጋ ደውል።»

ደወልኩ። እናቴ ነገሩ ተበላሸ ብላ ክው አለች። አልተበላሸም፣ አባባ በምን እንደሞተ ብቻ ንገሪኝ አልኳት፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ አስደነገጣት። ልጃቸው ወጥ ቤት በር ላይ ቆማ በሳቅ ትንፈራፈራለች። አባቴን የጣለው ስኳር እንደሆነ ከታወቀ፣ እኔም ከአያቶቼ እስከ ጥርሴ ድረስ ከተመረመርኩ በኋላ ውሳኔው ተሰጠ። «ማንኮራፋቱ ሳይጨምር፣ ይለፍ» አሉ። እስከዛሬ ሳንኮራፋ ባለቤቴ ትራሷን ይዛ ሳሎን ስትሄድ ቅሬታ ማቅረብ አልችልም፤ ውሉ ላይ የለም።

ይህ «ይለፍ» የሚሉት ነገር ከመሥሪያ ቤታቸው ያመጡት ነው። እዚያ ሰው ሁሉ በአምስት ዓይነት ውሳኔ ይስተናገዳል። «ይለፍ» ማለት ምንም ችግር የለም፣ እንደማንኛውም ሰው ከፍሎ ይግባ ነው። «ይጨመርበት» የሚባለው ደም ግፊት ወይም ስኳር ያለበት ሰው ነው፤ ይገባል፣ ዓመታዊ ክፍያው ግን ከሌላው ከፍ ይላል። «ይህ ሳይጨምር» ማለት ኢንሹራንሱ ሌላውን ሁሉ ያሳክምሃል፣ ያንን የከረመ ጉልበትህን ግን ራስህ ቻለው ነው። «ይቆይ» የሚባለው ምርመራው ያላለቀ ሰው ነው፤ ሲያልቅ ተመልሶ ይመጣል። «አይሆንም» ያው አይሆንም ነው። አማቴ እነዚህን ቃላት ቤት ድረስ ይዘዋቸው መጡ። ወጡ ጨው ሲያንሰው «ይጨመርበት» ይላሉ። ያልበሰለ ድንች «ይቆይ» ነው። ባለፈው ዓመት የገዛሁት ባለ መስመር ሸሚዝ ከካርቶኑ ሳይወጣ «አይሆንም» ተብሎ ተመለሰ።

አንድ ቀን እራት ላይ ደፈር ብዬ ሞገትኳቸው። «እማማ፣ ኢንሹራንስ የሚያስፈልገው ለታመመ ሰው አይደለም እንዴ? እናንተ ደግሞ ጤነኛ ነው የምትፈልጉት።»

ሳህናቸውን ገፋ አደረጉ። ይህ ጥሩ ምልክት አይደለም።

«ጥሩ» አሉ። «የዚህ ሕንፃ ሰው ሁሉ ለሚታመም ሰው በየወሩ ያዋጣ እንበል። አንተ ብልጥ ነህ፣ አታዋጣም። ቁጭ ብለህ ትጠብቃለህ። ኩላሊትህን ያመመህ ዕለት የመጀመሪያ መዋጮህን ይዘህ ከች ትላለህ። ልብስ ሰፊውም እንዳንተ ብልጥ ነው። ላይኛው ፎቅ ያለችው አስተማሪም ብልጥ ናት። እስቲ ንገረኝ፣ ሣጥኑ ውስጥ ምን ይገኛል?»

«ምንም።»

«በምን ትታከማለህ?»

ድንቼን በሹካ አገላበጥኩ።

«በመሥሪያ ቤት በኩል ስትገባ ማንም ምንም አይጠይቅህም፤ ጅምላ ነዋ። ሠራተኛው ሁሉ አንድ ላይ ይገባል፣ ጤነኛው የታመመውን ይሸከማል። ለብቻህ ስትመጣ ግን ችርቻሮ ነህ። ምን ሆነህ ነው ዛሬ የመጣኸው ብዬ መጠየቅ አለብኝ። ክፋት አይደለም። አሁን ድንችህን ብላ።»

በሥራ ዘመናቸው የሰለቻቸው ዓረፍተ ነገር «አንድም ቀን ታምሜ አላውቅም» የሚለው ነው። «እንዲህ ያለ ሰው ወይ አልተመረመረም፣ ወይ አልተናገረም» ይላሉ። ሲጋራ አጭሼ አላውቅም ያለ አንድ አመልካች ነበር፤ የላከው ወረቀት ሽታው አላስቀርብ ስላላቸው መስኮት ላይ ሲያናፍሱት አድረው ነው ያነበቡት። «አልፎ አልፎ» የሚለውንም ቃል አይወዱትም። «አልፎ አልፎ ያመኛል» ብሎ ለጻፈ ሰው ሁሉ ስልክ ይደውላሉ። «አልፎ አልፎ ስንት ነው?»

ሰው ይህን ሁሉ ነዝናዛነት ነው የሚለው። እኔም እል ነበር። አንድ ጊዜ ግን ቀስ ብለው ነገሩኝ። «የነገሩኝን በሽታ አልፈራም፤ ክፍያው ላይ ትንሽ ጨምሬ አስገባዋለሁ። የምፈራው የዋጡብኝን ነው። ደብቆ የገባ ሰው ዓመት ከዓመት ይከፍላል። የታመመ ዕለት የሐኪም ቤቱ የድሮ ካርድ ይወጣል፣ ቀድሞም ነበረበት ይባላል፣ ውሉ ይፈርሳል። ያ ሰው አልጋ ላይ ሆኖ ባዶ እጁን ነው። እኔ የምነዘንዘው ያ ቀን እንዳይመጣበት ብዬ ነው።»

ስለ ዘመድም ሕግ ነበራቸው። አንድ ጊዜ የገዛ ወንድማቸው ማመልከቻ ሳይታሰብ ጠረጴዛቸው ላይ አረፈ። ስሙን እንዳዩ፣ ፋይሉን ሳይከፍቱ በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው፣ ኮሪደሩን አቋርጠው ለሌላ ባልደረባ አስረከቡት። «ዘመዱን የሚመዝን ሰው ወይ ያዳላል፣ ወይ አላዳላሁም ለማለት ይጨክናል» ይላሉ። ያ ባልደረባ በወንድማቸው ላይ «ይጨመርበት» ብሎ ወሰነ። ወንድምየው አኩርፎ ሰነበተ። «አንቺ እያለሽ እንዲህ እደረጋለሁ?» ሲላቸው «እኔ ጋ ቆይቶ ቢሆን ኖሮ ይብስብህ ነበር» አሉት። እውነታቸውን ነበር።

እንግዲህ እኒህ ሰው ጡረታ ወጡ። የመሥሪያ ቤቱ ኢንሹራንስ የሚሸፍናቸው እስከ ዓመቱ መጨረሻ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ጅምላው አብቅቶ እርሳቸውም ችርቻሮ ሆኑ ማለት ነው። በዕድሜያቸው ያለን ሰው ደግሞ ድርጅት ሁሉ ዝም ብሎ አይቀበልም፤ በቆዩ ቁጥር ይብሳል።

ባለቤቴን እንቅልፍ የነሳት ግን ዕድሜያቸው አልነበረም። አማቴን ጨምሮ ከትንሿ ልጃችን ጋር ሁላችንም አራተኛ ፎቅ ነው የምንኖረው፤ ሊፍታችን ደግሞ ከሚሠራበት ቀን የሚያርፍበት ይበዛል። እናቷ ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ እንደሚያጥራቸው አስተውላለች። «እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?» ስትላቸው «ደህና ነኝ» ይላሉ። «ሐኪም እንይ» ስትላቸው «ደህና ነኝ አልኩሽ እኮ!» ይላሉ። ነገሩ የልብ ቢሆን፣ ያለ ኢንሹራንስ ሆስፒታል ቢገቡ፣ እኔና እርሷ ተደምረን የምንችለው አልነበረም። ይህንን ሁለታችንም እናውቃለን፤ እርሳቸው ደግሞ ከሁለታችንም የበለጠ ያውቃሉ።

ለራሳቸው ድርጅት ለማመልከት እምቢ አሉ። «እዚያ ያሉት ያፍሩኛል። የሚያፍር ሰው ያሳልፋል እንጂ አይመዝንም» ብለው ተፎካካሪው ድርጅት ይሁን አሉ። ጫማው የሚያብረቀርቅ አንድ የሽያጭ ወኪል ቅጹን ይዞ ቤት መጣ። ጨዋታ አዋቂ ነው። ከሳሎናችን ሶፋ ላይ ተደላድሎ «እናቴ፣ ምንም አይጨነቁ፣ ሁሉንም የለም የለም እያልን እንውረድ» አላቸው።

«ዕድሜስ?» አሉት አማቴ። «እሱንም የለም እንበለው?»

ወኪሉ ሳቀ። እርሳቸው አልሳቁም። ተነሥተው በሩን ከፈቱለት፤ ቅጹን ግን አስቀሩት።

ቅጹ ምግብ ጠረጴዛችን ላይ ሰነበተ። ሳህኖቻችንን ዳር ዳሩ ላይ እያስቀመጥን በላን። ሥራዬ ቤት ተቀምጦ መጻፍ ነው፤ አንድ ቀን ከሰዓት ጽሑፌን ጨርሼ ወጥ ቤት ስገባ አማቴ ሽንኩርት ይከትፋሉ። ቅጹ ከቦታው የለም።

«እማማ፣ ማመልከቻውን ሰጡት እንዴ?»

«አለቀ እሱ» አሉ ቀና ሳይሉ።

«ምን ተባለ ታዲያ?»

«አይሆንም ተብሏል።»

ክው አልኩ። «ማነው ያለው?»

«እኔ።»

መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። አማቴ ግን በሥራ አይቀልዱም። «ፋይሉን አየሁት» አሉ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወሩ ሁሉ። «ሴት። ጡረተኛ። ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ የሚያጥራት። አንድም ቀን ለዚህ ተመርምራ የማታውቅ። ሌላ ምን ይወሰናል? ስንቱን ዓመት ስንቱን ሰው መልሻለሁ፤ ለራሴ ሲሆን የሰው ጊዜ አላባክንም።»

በዓለም ላይ ሳያመለክት ራሱን ውድቅ ያደረገ አመልካች እርሳቸው ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። ሌላ ሰው ቢሆን ይፈራል፣ ይዋሻል፣ ይለምናል። እርሳቸው በገዛ ወጥ ቤታቸው ወንበር ላይ ተሰይመው፣ መዝነው፣ ፈርደው፣ ፋይሉን ዘግተው ሽንኩርት መክተፍ ጀመሩ። በጣም ተናደድኩ። እፈራቸዋለሁ፤ ያን ቀን ግን ወንበር ስቤ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የወንድምዎ ማመልከቻ የመጣ ጊዜ ለምን አላዩትም?»

«ዘመዴ ነዋ!»

«ይህችኛዋስ ሴትዮ ምንዎ ናት?»

ቢላዋው ቆመ።

«ከወንድምዎ ይልቅ አትቀርብዎትም?» አልኩ። «ዘመዱን የሚመዝን ወይ ያዳላል ወይ ይጨክናል ያሉት እርስዎ ነዎት። እንግዲህ ጨክነውባታል። እርስዎ ይህን ፋይል የመክፈት መብት የለዎትም። ሌላ ጠረጴዛ መሄድ አለበት።»

አማቴ ቢላዋውን አስቀመጡ። ዓይናቸውን በክንዳቸው ጠረጉ፤ ሽንኩርቱ ይሁን ሌላ አላወቅኩም። እጃቸውን ታጠቡ፣ ቀስ ብለው አደረቁ፣ ከማቀዝቀዣው ላይ ቅጹን አወረዱ።

«እስክሪብቶ አምጣ» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ የሚያቆማቸው አልተገኘም። በማግስቱ በጠዋት ድሮ የወለዱበት ሐኪም ቤት ሄደው የገዛ ካርዳቸውን ካላገኘሁ አልወጣም ብለው መዝገብ ቤቱ ፊት ተቀመጡ። ካርዱ ጠፍቷል ተባለ። «የጠፋ ነገር የሚገኝበት ቦታ አለው» አሉና ተቀመጡ። ከምሳ በኋላ ተገኘ። የደም ግፊት መለኪያ ገዝተው ጠዋትና ማታ ይለካሉ። ጨው ቀነሱ፤ እኛም ሳንወድ በግድ ቀነስን። ቅጹ ላይ ቦታው ስላልበቃቸው ተጨማሪ ወረቀት አያያዙበት። «ትንፋሽ ያጥርዎታል?» በሚለው ፊት «አዎ» ብለው የጻፉ ዕለት ባለቤቴ ግንባራቸውን ሳመቻቸው። ማመልከቻውን ራሳቸው በእጃቸው አድርሰው፣ ማኅተም አስመትተው ተመለሱ።

ብዙም ሳይቆይ ተደወለ። ጆሯቸው ትንሽ ከበድ ስለሚል ስልኩን ድምፁን ከፍተው ጠረጴዛ ላይ ነው የሚያኖሩት። የወጣት ሴት ድምፅ ነበር።

«ጤና ይስጥልኝ፣ እናቴ። ከኢንሹራንሱ ነው። እንዴት ነዎት?»

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ስልኩ ጸጥ አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። አልተቋረጠም፤ ልጅቷ እየጠበቀች ነው። አማቴ ስልኩን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ እንደገና ስልኩን አዩት።

«ማነው ሥራ ያስተማረሽ?» አሉ በመጨረሻ።

አለቃዋ ናት ያስተማረቻት። አለቃዋ ደግሞ ከዓመታት በፊት አማቴ እጃቸው ላይ ያሳደጓት፣ ኋላ ወደዚያኛው ድርጅት የሄደች ልጅ ሆና ተገኘች። «ስምዎን እንዳየች ፋይሉን ሳትከፍት በሁለት ጣቷ ይዛ መጥታ ለኔ ሰጠችኝ» አለች ልጅቷ። አማቴ ለመኮሳተር ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም።

«እሺ እናቴ። ስለ አባትዎ በተጠየቀበት ቦታ ‹በዕድሜ ብዛት አረፉ› ብለው ጽፈዋል።»

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ።

«እርጅና በሽታ አይደለም፣ እናቴ» አለች ልጅቷ በትሕትና። «በምን አረፉ?»

ክብርት አማቴ፣ የሰው አያት ቅድመ አያት ሲያስቆፍሩ የኖሩት ሴትዮ፣ የጠረጴዛውን ልብስ ጠርዝ በጣታቸው ያጥፉ ጀመር። «በልብ ነው» አሉ። ባለቤቴ ከሥራ ስትመለስ ስነግራት አያቷ በምን እንደሞቱ የሰማችው ያን ቀን ነው።

«ትንፋሽ ማጠሩንስ ‹አልፎ አልፎ› ብለዋል…»

«እሱ ቀላል ነው፣ ደህና ነኝ» አሉ ቶሎ ብለው።

እዚህ ላይ አላስቻለኝም። «ደህና አይደሉም!» አልኩ ከሶፋው። «ሁለተኛው ፎቅ ላይ ይቆሙና ቁልፍ የሚፈልጉ ይመስላሉ። ቁልፉ እኮ አንገታቸው ላይ ነው! ሦስተኛው ላይ የሰው በር ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ያነብባሉ። የማስታወቂያው ቀን ካለፈ ዘመን ሆኖታል። ማታ ሁለት ትራስ ካልደራረቡ አይተኙም። ባለፈው ሳምንት የግራ ጫማቸው ጠቧቸው ነበር።»

ተናግሬ ስጨርስ እኔም ገረመኝ። ይህን ሁሉ መቼ እንዳየሁት አላውቅም። ስሸሻቸው የኖርኩ ይመስለኝ ነበር።

«ማን ናቸው እሳቸው?» አለች ልጅቷ።

«የልጄ ባል ነው። አትስሚው።»

«ልክ ነዎት፣ ከርስዎ አፍ ነው መስማት ያለብኝ» አለችና «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብላ ጠየቀች።

አማቴ ያጠፉትን የጠረጴዛ ልብስ ጠርዝ መልሰው ዘረጉ። ልጅቷ አልቸኮለችም።

«ልጄ የወለደች ሰሞን ነው» አሉ። «ሕፃኗን ታቅፌ ደረጃ ስወጣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሼ ጥፍት አለብኝ። ሕፃኗ እጄ ላይ ነበረች። ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ከዚያ ወዲህ ይዣት ወጥቼ አላውቅም። ጉልበቴን ያመኛል እላቸዋለሁ። ለማንም አልተናገርኩም።»

እኛ ደግሞ ሕፃን መታቀፍ የሚሰለቻቸው ይመስለን ነበር። እንደዚያ ብለን አምተናቸዋል። ከሶፋው ተነሥቼ ውኃ ቀዳሁላቸው፤ ሌላ የማደርገው አልነበረኝም።

ውሳኔውን አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ልብ እንዳላንጠለጥልባችሁ። መጀመሪያ «ይቆይ» ተባሉ፤ የልብ ምርመራው ይቅደም ተባለ። እኔ ተናደድኩ፤ እርሳቸው «ልክ ናት» ብለው በዚያው ቀን ቀጠሮ ያዙ። በምርመራው ግፊቱ ከፍ ማለቱና አንድ የልብ ቧንቧ መጥበብ መጀመሩ ታወቀ። በጊዜ ስለተደረሰበት በመድኃኒት ይያዛል አሉ ሐኪሙ። ዝም ተብሎ ቢቆይ ኖሮ ምን ይከተል እንደነበር ሲናገሩ ባለቤቴ እጄን ያዘችው። መድኃኒቱ እየሠራ ወራት ካለፉ በኋላ ማመልከቻው እንደገና ታየ፤ ዓመቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው «ይጨመርበት፤ ልብ ለመጀመሪያው ጊዜ ሳይጨምር፣ ወደፊት እንደገና ይታያል» የሚል ውሳኔ ደረሰን። የልብ መድኃኒቱን ራሳችን እንገዛለን፤ ሌላው ሁሉ ተሸፍኗል። አማቴ ውሳኔውን ሁለት ጊዜ አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ። «ጎበዝ ናት» አሉ። «እኔ ‹አይሆንም› ብዬ ስዘጋው ይህንን መንገድ አላየሁትም ነበር።» ከእርሳቸው አፍ እንዲህ ያለ ነገር ወጥቶ አያውቅም።

እኔ ልነግራችሁ የፈለግሁት ግን የምርመራውን ቀን ነው። እየተራመዱ ልብ የሚመረመርበት ማሽን ስለሆነ አስታማሚ ይምጣ ተባለ። ባለቤቴ ከሥራ መቅረት ስላልቻለች የሄድኩት እኔ ነኝ። በተራ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ አማቴ ግራና ቀኝ የተቀመጡትን ሁሉ ሲያናዝዙ ቆዩ፤ የአንዱን ሽማግሌ የመድኃኒት አወሳሰድ እንኳ ሊያርሙ ምንም አልቀራቸውም። ስማቸው ሲጠራ ቦርሳቸውን ጭኔ ላይ ጥለው ገቡ። እጃቸው ቀዝቅዞ ነበር፤ ቦርሳውን ሲያቀብሉኝ ነው የነካሁት።

መጋረጃው ተዘጋ። ማሽኑ ሲያጉረመርምና ኮቴያቸው ሲፈጥን ይሰማኛል። ሊወድቁ ነው ብዬ ሦስት ጊዜ ተነሣሁ። በመጨረሻ አንዲት ነርስ ወረቀቷን ይዛ ብቅ አለች።

«የእሳቸው ቤተሰብ ማነው?»

«እኔ።»

«ምንዎ ናቸው?»

«እናቴ» አልኩ። አስቤበት አይደለም፤ እንዲሁ ወጣ።

ከመጋረጃው ጀርባ፣ ትንፋሽ እየቆራረጠው፣ የታወቀው ድምፅ መጣ። «አማቱ… ነኝ! እናቱ ብለሽ… እንዳትጽፊ! የሱ ወገን… ስኳር ነው፣ የኔ ልብ ነው… አትቀላቅይብን!»

የነርሷ እስክሪብቶ አየር ላይ ቀረ። «ታዲያ ምን ብዬ ልጻፈው?» አለችኝ።

«በሽታችን ለየብቻ ነው» አልኳት። «ግን እናቴ ናቸው፤ እንደዚያ ብለሽ ጻፊው።»

አማቴ ይህንን ዝም ብለው ያልፉታል ብዬ አልጠበቅሁም። ጆሮዬን አቁሜ ቆየሁ። ማሽኑ ይዞራል፣ እርሳቸው ይራመዳሉ፤ ሌላ እርማት ግን አልመጣም።